ድራጎን፣ ፌይና ፍቅር፦ የፍቅር ፋንታሲ ልቦለድ አጻጻፍ ከመጀመሪያው ቋጠሮ እስከ መጨረሻው እርማት

«ድራጎን አለኝ። ፌይ አለኝ። የሚዋደዱ ሁለት ሰዎችም አሉኝ። ግን ምዕራፍ 5 ላይ ቆሞብኛል። ምን ላድርግ?»

ይህ ጥያቄ ስንቴ እንደደረሰኝ መቁጠር ትቻለሁ። ቃሉ ይለያያል እንጂ ችግሩ አንድ ነው። ረቂቁን ተቀብዬ ሳነበው ፍቅሩ በአንድ በኩል፣ አስማቱ በሌላ በኩል ይሄዳል። ሁለቱ አይተዋወቁም። ድራጎኑን አውጥታችሁ በምትኩ መኪና ብታስገቡ ታሪኩ አይጎድልበትም። እንዲህ ከሆነ ምዕራፍ 5 ላይ መቆሙ አይገርምም፤ ወደፊት የሚገፋው ነገር የለም።

ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው። ከዜሮ ለሚጀምርም፣ መሀል ላይ ለቆመበትም ይሆናል። ለምሳሌ ያህል ሦስት ገጸ ባሕርያት ፈጥሬያለሁ፦ ኤዳ የምትባል የ24 ዓመት ፈዋሽ፣ ቫሬን የሚባል የፌይ መስፍን (ፌዮች በተረት ውስጥ ያሉ፣ ሰው የሚፈራቸው አስማተኛ ፍጡራን ናቸው)፣ ጉም የምትባል ድራጎን። እያንዳንዱን ደረጃ በእነሱ ላይ እንሞክረዋለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የሕግ ደብተር። የዓለማችሁ ሕጎች ብቻ የሚጻፉበት። ከረቂቁ የተለየ ይሁን፤ ምዕራፍ 30 ላይ ሆናችሁ ምዕራፍ 3ን ስትፈልጉ እንዳትደክሙ።
• 40 ገደማ ካርዶች ወይም የተቆራረጠ ወረቀት። በአንዱ ላይ አንድ ትዕይንት ብቻ። መሬት ላይ ዘርግታችሁ ቦታ ትቀያይራላችሁ፤ ስክሪን ላይ ይህን ማድረግ ያደክማል።
• ሦስት ቀለም እስክሪብቶ፦ ቀይ ለፍቅሩ፣ ሰማያዊ ለአስማቱ፣ ጥቁር ለውጪው ግጭት (ጦርነት፣ ዙፋን፣ ወረርሽኝ)። የሚያስፈልጉት መጨረሻ ላይ ነው፣ ግን አሁን አዘጋጁ።
• አንድ ገጽ ካርታ። ማማር የለበትም። ከየት እስከ የት በእግር ስንት ቀን፣ በድራጎን ስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ያሳይ።
• ባለ ሁለት ዓምድ የቀን መቁጠሪያ። አንዱ ዓምድ የሰው ዓለም፣ ሌላው የፌይ ዓለም።
• የስም ዝርዝር። ይህን ብዙዎች ይንቁታል። ፊደላችን «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» አለው፤ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» አለው። የፈጠራችሁትን ከተማ አንዴ «ሐራን»፣ አንዴ «ሀራን» ብትሉ አንባቢው ሁለት ከተማ ይመስለዋል። ኮምፒውተሩም አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን አያገኝላችሁም። ስሙ በተፈጠረበት ደቂቃ ፊደሉን ወስናችሁ መዝግቡ።
• ድምፅ መቅጃ። የስልካችሁ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ቋጠሮውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ቋጠሮ የምለው ፍቅሩና አስማቱ የሚታሰሩበትን ቦታ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ፍቅሩንም አስማቱንም መያዝ አለበት። ይህ ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ሌላውን የሚጎዳ መሆን አለበት።

የማይሠራው ይህን ይመስላል፦ «አንዲት ፈዋሽ ከአንድ የፌይ መስፍን ጋር ፍቅር ይይዛታል፤ በዚያው ጊዜ ጦርነት ይነሳል።» «በዚያው ጊዜ» የሚል ሐረግ ካያችሁ ጠርጥሩ። ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጣችኋል ማለት ነው።

የሚሠራው ደግሞ ይህን፦ «ኤዳ የሰው ቁስል በፈወሰች ቁጥር ከቅርብ ጊዜ የደስታ ትዝታዎቿ አንዱ ይጠፋባታል፤ ቫሬን ደግሞ በየወሩ የሚያመረቅዝ ቁስል አለበት።»

አሁን ልብ በሉ። ካልፈወሰችው ይሞታል። ከፈወሰችው አብረው ደስ ያላቸውን ቀን ትረሳለች። ፍቅራቸው በጨመረ ቁጥር የምታጣው ይበዛል። ጦርነቱንና ዙፋኑን ገና አልነካናቸውም፣ ግን ታሪኩ ራሱን እየገፋ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። አስማቱን አውጡትና አንብቡ። ፍቅሩ ሳይጎዳ ከቆመ ቋጠሮው ላልቷል። ቀጥሎ ፍቅሩን አውጡት። አስማቱ ያለ ችግር ከቀጠለም እንዲሁ። ሁለቱም እስኪወድቁ ድረስ ደረጃ 2ን አትንኩ። አንድ ሳምንት ቢፈጅም ይፍጅ፤ በኋላ ከሚጣሉ 200 ገጾች አንድ ሳምንት ይሻላል።

ደረጃ 2፦ የአስማቱን ዋጋ ቁረጡ

በሕግ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም፣ ምን ያስከፍላል።

ለኤዳ እንዲህ ይሆናል። ይችላል፦ በሕይወት ያለን ሰው ቁስል መዝጋት። አይችልም፦ የሞተን ማስነሳት፣ የሚጠፋውን ትዝታ መምረጥ፣ የጠፋውን መመለስ። ያስከፍላል፦ አንድ የቅርብ የደስታ ትዝታ።

ከሦስቱ ዋናው ሁለተኛው ነው። አንባቢ የሚጨነቀው ገጸ ባሕርይዋ በማትችለው ነገር ነው። ሁሉን የምትችል ሴት ስትከበብ ማን ልቡ ይመታል?

ዋጋው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «አስማት ስትሠራ ትደክማለች» የሚል ረቂቅ ስንት እንዳነበብኩ! ድካም ዋጋ አይደለም። ተኝታ ስትነሳ ያልፍላታል። ዋጋ ማለት በማግስቱ የማይመለስ ነገር ነው፤ በፍቅር ታሪክ ደግሞ ዋጋው ከፍቅሩ ኪስ ቢወጣ ይመረጣል፦ ትዝታ፣ ድምፅ፣ የመነካት ስሜት፣ ዕድሜ፣ እውነተኛ ስም።

ሕጉን አንባቢው አስቀድሞ ይወቅ። ሰው የሚያድን አስማት ቢያንስ አንድ ጊዜ በትንሽ ነገር መታየት አለበት፣ ለምሳሌ በልጅ የተቆረጠ ጣት። ምዕራፍ 38 ላይ ድንገት የሚመጣ ኃይል ብልሃት ሳይሆን ማጭበርበር ይመስላል።

ደረጃ 3፦ ድራጎኗን መዝኑ

መጀመሪያ ስሟ። «ዘንዶ» ካላችሁ ብዙ አንባቢ ፊት የሚመጣው ክንፍ የሌለው ትልቅ እባብ ነው፤ የዮሐንስ ራእይን ያነበበ ደግሞ ሰይጣንን ያስባል። ክፉ አውሬ ከፈለጋችሁ ይህ ይጠቅማችኋል። የምትወደድ፣ የምትጋለብ ፍጡር ከፈለጋችሁ ግን ቃሉ ይጎትታችኋል። እኔ «ድራጎን» እላለሁ። የመረጣችሁትን ምረጡ፣ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዱን ብቻ ያዙ።

ቀጥሎ ሚዛኑ። ለፈረስ ጤና ሲባል ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ በላይ ባይጫንበት ይመከራል። በዚህ ስሌት ሁለት ሰውና ኮርቻ 160 ኪሎ ቢመዝኑ የምትሸከማቸው እንስሳ 800 ኪሎ ትሆናለች። በምድር ላይ ከበረሩ ፍጥረታት ከትልልቆቹ አንዱ፣ ከዳይኖሰሮች ጋር የጠፋው ኬትዛልኮአትለስ፣ ክንፉ ሲዘረጋ 10 ሜትር ገደማ ነበር፤ ክብደቱ ግን ከዚህ በብዙ ያንሳል ተብሎ ይገመታል። እንግዲህ ጉምን የሚያበራት ክንፏ ብቻ ሊሆን አይችልም። አስማት ከሆነ በሕግ ደብተሩ ይግባ፤ ዋጋም ይኑረው። ጉም ጭነት ይዛ በበረረች ማግስት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ካልተኛች አትነሳም ብንልስ? በዝናብ ወራት መሸሽ የማይቻል ሆነ ማለት ነው። ከአንድ ሕግ ሁለት ምዕራፍ ወጣ።

«ፋንታሲ አይደል እንዴ፣ ምን አስጨነቀን?» የሚለኝ አለ። የምንጨነቀው ለሳይንሱ አይደለም። እውነተኛው አካል ሳይታሰብ የፍቅር ትዕይንት ይሰጣችኋል። ይኸው፦ ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ምድር ላይ 15 ዲግሪ ከሆነ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ከዜሮ በታች ነው። ነፋሱ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። ኤዳ በስስ ቀሚስ ብትበር ጣቷ ይደነዝዛል። ስለዚህ ከሚጠላት መስፍን ጋር አንድ ካባ ውስጥ ለመግባት ትገደዳለች። ማንም «ቀረብ በይ» አላለም፤ ብርዱ ነው ያቀረባቸው።

ሌላም አለ። በዚያ ነፋስ ውስጥ ድምፅ አይሰማም። በድራጎን ጀርባ ላይ ገጽ ተኩል የሚያወሩ ፍቅረኞችን ሳይ ሳቄ ይመጣል። እኛ ንግግሩን እንከልክል። ኤዳና ቫሬን በእጅ ይነጋገሩ፤ ክንዱን አንድ ጊዜ መታ ካደረገችው «እንውረድ»፣ ሁለት ጊዜ «ደህና ነኝ»፣ ሦስት ጊዜ «አትልቀቀኝ»። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ደረጃ 6 ላይ እንፈልጋታለን።

በመጨረሻ፣ ድራጎኗ ታክሲ አትሁን። የራሷ ፍላጎት፣ ቢያንስ አንድ እምቢታ፣ ስለ ፍቅረኞቹም የራሷ አስተያየት ይኑራት። ጉም ቫሬንን አትወደውም እንበል። ለምን እንደማትወደው መወሰን የእናንተ ፋንታ ነው።

ደረጃ 4፦ ፌዮቹን በሕግ እሰሯቸው

ፌይ ማለት ክንፍ ያላት ትንሽ ቆንጆ አይደለችም። በአየርላንድና በስኮትላንድ ተረቶች ውስጥ ሰው የሚፈራቸው ጎረቤቶች ናቸው። ብረት አይወዱም። በአገራቸው የቀመሰ ሰው ተመልሶ መውጣት ይቸግረዋል። አንድ ሌሊት ከእነሱ ጋር ያደረ ሰው ሲመለስ ዓመታት አልፈው ያገኛል። በዘመኑ ልቦለዶች ደግሞ መዋሸት አይችሉም የሚለው ሕግ በጣም ተለምዷል።

ሁሉንም አትውሰዱ። ሦስት ይበቃሉ። ስትመርጡ እያንዳንዱ ሕግ ፍቅሩ ላይ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። ቫሬን መዋሸት ካልቻለ «አልወድሽም» ማለት አይችልም። የሚችለው ዝም ማለት ብቻ ነው። ኤዳ ይህን ያወቀች ቀን ዝምታው ሁሉ ትርጉሙ ይቀየራል። ባለ ሁለት ዓምዱ የቀን መቁጠሪያም ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው። በፌይ ዓለም አንድ ቀን በሰው ዓለም አንድ ወር ነው ካላችሁ፣ ከእሱ ጋር ያደረችው 12 ቀን ለእናቷ አንድ ዓመት ነው። ይህን ካልመዘገባችሁ ምዕራፍ 20 ላይ የታናሽ ወንድሟ ዕድሜ ይምታታባችኋል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። የማይዋሽ ፍጡር ለማታለል ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ያስፈልገዋል። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ደግሞ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ይህን የውል መስመር አንብቡ፦

«ከሰባት ዓመት በኋላ ኤዳ ትሰጣለች።»

የኤዳ አባት ዕዳ አለበት። ውሉን ሲያነብ «ሰ»ን አላልቶ ነው ያነበበው፤ ልጄ አድጋ ዕዳውን ትከፍላለች፣ ትሰጣለች ብሎ ፈረመ። ፌዮቹ የጻፉት «ሰ» ጠብቆ እንዲነበብ ነው። የምትሰጠው ራሷ ናት። አንድም ውሸት የለበትም።

ይህ ዘዴ የሚሠራው በጽሑፍ ብቻ መሆኑን አትርሱ። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል። ስለዚህ ሚስጥሩ እንዲፈነዳ የምትፈልጉበት ምዕራፍ ላይ አንድ ሰው ውሉን ድምፁን አውጥቶ እንዲያነበው አድርጉ። «ይበላል»፣ «ይገድላል»፣ «ትወስዳለች» ዓይነት ግሦችን ዘርዝራችሁ አንድ በአንድ ፈትሹ። «ይበላል» በሁለት በኩል ይሠራል፣ «ይገድላል» ግን አይሠራም፤ ሲደረግበት «ይገደላል» ይሆናልና ፊደሉ ያጋልጠዋል።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን ሰዎች ሥሩ

ይህኛው አጭር ነው። ለእያንዳንዳቸው ሦስት መስመር፦ የሚፈልገው፣ የሚፈራው፣ ስለ ራሱ የሚያምነው የተሳሳተ ነገር። ኤዳ የምትፈልገው ነፃነት ነው፤ የምትፈራው እናቷን መርሳት ነው፤ የምታምነው «የምወደውን ነገር ባልይዝ አላጣም» የሚለውን ነው። ቫሬን ደግሞ «የሚያድነኝ ሰው ሁሉ ይጎዳል» ብሎ ያምናል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ስታዩ አንዱ የሌላውን ፍርሃት መንካት አለበት። ካልነካ አንዱን ቀይሩ። የዓይን ቀለምና የፀጉር ርዝመት በኋላ ይደርሳል።

ደረጃ 6፦ የፍቅሩን መንገድ በስምንት ካርድ ዘርጉ

በ40ዎቹ ካርዶች መካከል ስምንቱ በቀይ ይጻፉ፦ መገናኘት፣ መገደድ፣ ጥሉ መጀመሪያ የተሰነጠቀበት፣ መቀራረብ፣ መሸሽ፣ ማመን፣ መሰበር፣ መመለስ። ሌሎቹ 32 ካርዶች በእነዚህ መካከል ይገባሉ።

ሁለተኛው ካርድ፣ መገደድ፣ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የማይዋደዱ ሰዎች ለምን አይለያዩም? በሩ ክፍት ከሆነ አንባቢው «ሂጂ እንጂ!» ይላል። ለኤዳ ውሉ ራሱ ነው የሚያስራት። ጠላት ሆነው ጀምረው የሚዋደዱ ከሆነ ደግሞ ጥሉ እውነተኛ ምክንያት ይኑረው። «ኩራተኛ ስለሆነ አልወደውም» የአንድ ምዕራፍ ቂም ነው፤ 300 ገጽ አይሸከምም።

መሰበሩ ከሕጉ ይውጣ። «ከሌላ ሴት ጋር ሲያወራ አይታ ተሳሳተች» የሚለውን እባካችሁ ተዉት። አንድ ጥያቄ ብትጠይቀው የሚያልቅ ጉዳይ ነው። በእኛ ታሪክ ኤዳ ክፉኛ የቆሰለውን ቫሬንን ለማዳን ደጋግማ ትፈውሰዋለች። አንድ በአንድ የደስታ ቀኖቿ ይሄዳሉ። ስትጨርስ አታውቀውም።

መመለሱ ከሁሉ ይከብዳል፤ ሁለት ነገር አብሮ ይፈልጋልና። የፍቅር ልቦለድ አንባቢ መጨረሻው ደስታ ወይም ቢያንስ ተስፋ እንዲሆን ቃል ተገብቶለታል። ሕጋችን ደግሞ «የጠፋው አይመለስም» ይላል። ትዝታዋን መልሳችሁ ብትሰጧት ዋጋው ሁሉ ቀልድ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል? የሰው አእምሮ አንድ ቀን የሆነውን ነገርና እጅ የለመደውን ነገር የሚይዝበት መንገድ ይለያያል። ያለፈውን የረሳ ሰው እጁ የለመደውን ሥራ ሊሠራ ይችላል። ጉም ጀርባ ላይ ናቸው። ኤዳ ከማታውቀው ሰው ጋር አንድ ካባ ውስጥ ናት። ብርድ ነው። እጇ ሳታስበው የሰውየውን ክንድ ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገችው።

ሕጉ አልተሰበረም። ቫሬን ግን የሚጀምርበት ነገር አገኘ።

ደረጃ 7፦ «አንቺ»ን፣ «አንተ»ን እና «እርስዎ»ን በካርታ ያዙ

ይህን ደረጃ በሌላ ቋንቋ ከተጻፈ የአጻጻፍ መመሪያ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ። ለእኛ ግን ግማሽ መሣሪያችን ነው። በአንድ ገጽ ላይ፣ በየምዕራፉ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ መዝግቡ።

«አንቺ» ንቀትም ቅርበትም ሊሆን ይችላል። ቫሬን በምዕራፍ 2 «አንቺ» ሲላት ከላይ ወደ ታች እያያት ነው። ኤዳ «እርስዎ» የምትለው አክብራው ሳይሆን አጥር ስለምታበጅ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ተቆጥታ «አንተ» ትለዋለች። ቁጣው ያልፋል፣ «አንተ» ግን ይቀራል። «እወድሃለሁ» ከማለቷ ብዙ ምዕራፍ በፊት አንባቢው አውቋል።

አሁን መሰበሩን በዚህ ጻፉት። በዋዜማው ምሽት፣ ቁስሉን አጥባ፦

«ተሻለህ?» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ፈውሳው እጇን ከደረቱ ላይ አነሳች። ቀና ብላ አየችው።

«ተሻለዎት?» አለችው።

ሌላ ምንም አትጨምሩ። «ረስታዋለች፣ ልቡ ተሰበረ» ብላችሁ ካብራራችሁ ገደላችሁት።

አንድ ተጨማሪ ጥቅም። የአክብሮት አነጋገር ጾታን ይደብቃል። ጭምብል ያደረገውን የድራጎን ጋላቢ «እሳቸው መጡ» እያላችሁ ብትተርኩ ወንድ ይሁኑ ሴት እስከ ፈለጋችሁት ገጽ አይታወቅም። «መጣ» ወይም «መጣች» ብላችሁ አንድ ጊዜ ካመለጣችሁ ግን አለቀ።

ደረጃ 8፦ ረቂቁን ጻፉ

በቀን 500 ቃል ለ120 ቀን ብትጽፉ 60,000 ቃል ነው። በእንግሊዝኛ የፋንታሲ ልቦለድ 100,000 ቃል መሆኑን ሰምታችሁ አትደንግጡ። «አልነገረችኝም» ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለእነሱ አምስት ይሆናል። የአማርኛ 60,000 ቃል ወፍራም መጽሐፍ ነው።

ምዕራፍ 1ን በዓለሙ ታሪክ አትጀምሩ። ስንት ነገሥታት ነበሩ፣ ጦርነቱ እንዴት ተጀመረ የሚለው በሕግ ደብተሩ ይቆይ። ኤዳ የልጁን ጣት ስትፈውስ፣ ከዚያም ትናንት ለምን ስትስቅ እንደዋለች ማስታወስ ሲያቅታት ጀምሩ። ችሎታውም ዋጋውም በሁለት ገጽ ታየ።

ሲጽፉ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ክልክል ነው። ሕግ ከቀየራችሁ በደብተሩ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ መዝግቡ፤ እንደ ተቀየረ ቆጥራችሁ ቀጥሉ። ካልሆነ ምዕራፍ 1ን 15 ጊዜ ጽፋችሁ ምዕራፍ 2 ሳትደርሱ ዓመቱ ያልቃል። ከራሴ ነው የምነግራችሁ።

ደረጃ 9፦ በሦስት ቀለም አርሙ

ረቂቁን ለሁለት ሳምንት ዝጉት። ከዚያ አትማችሁ በየአንቀጹ ጠርዝ ላይ መስመር አስምሩ፦ ፍቅሩ ከተንቀሳቀሰ ቀይ፣ አስማቱ ከሠራ ሰማያዊ፣ የውጪው ግጭት ከገፋ ጥቁር። ወረቀቶቹን ዘርግታችሁ ከሩቅ እዩ።

30 ገጽ ሙሉ ቀይ ከሌለበት ፍቅረኞቹን ረስታችኋል። 30 ገጽ ሙሉ ቀይ ብቻ ከሆነ ዓለሙ ቆሟል። ሁለት ቀለም አንድ አንቀጽ ላይ የተገናኙበት ቦታ ጥሩ ቦታችሁ ነው። ሦስቱም የተገናኙበት አንድ ትዕይንት ፈልጉ፤ ጡዘቱ እሱ መሆን አለበት። ሌላ ቦታ ላይ ካገኛችሁት ካርዶቹን ቦታ ቀይሩ።

ደረጃ 10፦ ንግግሩን ቅዱና ስሙ

የፍቅር ትዕይንቶችን ብቻ ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ ቅዱ። በማግስቱ ስሙት። ያፈራችሁበት መስመር ላይ ምልክት አድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ቋንቋ ቃል በቃል የመጣ ሐረግ ይሆናል፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የማይለው ዓይነት። የሚናገረው ፌይ ቢሆንም አማርኛው አማርኛ ይሁን።

ማስጠንቀቂያ

በአስማት መገደድ ፍቅር አይደለም። በእጣ ፈንታ የታሰሩ ጥንዶች ካሏችሁ ማሰሪያው ስሜትን ያምጣ እንጂ ፈቃድን አይተካ። እምቢ ማለት የምትችልበት አንድ እውነተኛ በር ይኑር፤ ከዚያ ወዳ ትግባ። ፍቅረኞቹ አዋቂዎች ይሁኑ። 400 ዓመት ከኖረ ፌይ ጋር ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች ልጅ ማጣመር አይደረግም፤ ምክንያት አትፈልጉለት።

ድራጎን፣ ፌይ፣ ብረት መፍራት የሁሉም ናቸው። አንድ ደራሲ የፈጠረው ስም፣ ትምህርት ቤት፣ የአስማት አሠራር ግን የእሱ ነው። ያነበባችሁት መጽሐፍ ጥላ ረቂቃችሁ ላይ ካረፈ፣ ሕግ ደብተሩን አውጡና ዋጋውን ቀይሩ፤ የቀረው አብሮ ይቀየራል።

ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። 11 ምዕራፍ የያዘ ስልክ ባልዲ ውስጥ ጥያለሁ። ስልኩ ደርቆ ነቃ፤ ምዕራፎቹ አልነቁም።

የተለመዱ ስህተቶች

• መስፍኑ ክፉ ሆኖ «የልጅነት ሐዘን አለበት» ተብሎ የሚታለፍ። ሐዘን ምክንያት ይሆናል እንጂ ካሳ አይሆንም። የበደለ ሰው ሲመለስ የሚወደውን አንድ ነገር ይክፈል፤ ቫሬን ቢያንስ ውሉን በገዛ እጁ ይቅደድ።
• የሁሉም ስም አንድ ዓይነት መሆን። ቫሬን፣ ቫሪስ፣ ቫልዶር ያሉበት መጽሐፍ አንባቢን ያደናግራል። የመጀመሪያ ፊደላቸውን ለያዩ።
• ጓደኛዋ ሥራ ፈት መሆኗ። የጀግናዋ ጓደኛ ምክር ለመስጠት ብቻ ከገባች አስወጧት ወይም የራሷን ችግር ስጧት።
• ፉክክር እንዲኖር ብቻ የገባ ሁለተኛ ወንድ። ኤዳ በእውነት ልትመርጠው የምትችል ሰው ካልሆነ አንባቢው በሁለተኛው ገጽ ላይ ያውቅበታል።
• ቁስል በማግስቱ መዳን። ፈዋሽ በሌለበት ትዕይንት የተሰበረ አጥንት ሳምንታት ይፈልጋል። የቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፉት።
• ድራጎኗ በጦርነቱ መሀል መጥፋት። ምዕራፍ 31 ላይ ጉም የት ናት? ሦስት ረቂቅ ላይ ይህን ጥያቄ በእርሳስ ጠርዝ ላይ ጽፌ መልሻለሁ። የሦስቱም መልስ «ውይ፣ ረሳኋት» ነበር።